ዕቃው ከመጣሉ በፊት ዳኛው ይመርመር

(በብቸናና በሞጣ አባሎቻችን የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሠራተኛዋ ስትነሳ ስለ ገቢና ወጪ ትናገራለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ካውያ፣ ስለ ፍሪጅና ስለ ምጣድ ነው። ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም፤ የተማርኩት ደረሰኝ ማመሳከርና መዝገብ መዝጋት ነው። ይሁን እንጂ የማኅበራችን የወጪ ደረሰኝ ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ ደረሰኝ ደግሞ ረጋ ብሎ ለሚያነበው ብዙ ነገር ይናገራል።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። ከሞጣ የልብስ ስፌት ቡድናችን በተከታታይ አራት ደረሰኞች መጡ። የመጀመሪያው «የካውያ ጥገና» ይላል። ሁለተኛውም «የካውያ ጥገና» ይላል፤ ካውያውም ያው ካውያ ነው። ሦስተኛው «ለተቃጠለ የደንበኛ ቀሚስ ካሳ» የሚል ነው። አራተኛው «የአዲስ ካውያ ግዢ» ነው። አራቱን ደረሰኞች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የአራት ችግር ወጪ ይመስላሉ። የኤሌክትሪክ ሥራ የተማረ የአንዲት አባላችን ልጅ አሮጌውን ካውያ ፈትቶ ሲያሳየን ግን ችግሩ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በካውያው ውስጥ ያለችው ትንሿ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታት የምትባለው፣ ተበላሽታለች። የጠገነው ሰው እሷን በመቀየር ፈንታ በሽቦ አልፏት ሄዷል። በገበያው ቋንቋ «ዳይሬክት» አድርጎታል።

ካውያው በዚያን ቀን ጋለ። ሁሉም ተደሰተ፤ ገንዘቡም ተከፈለ። የጠፋው ነገር የታወቀው ቀሚሱ ሲቃጠል ነው። የተቃጠለው ቀሚስ ብቻ በመሆኑም ፈጣሪን አመሰገንን፤ ምክንያቱም መቆጣጠሪያ የሌለው ካውያ ጠረጴዛም፣ ቤትም፣ ሰውም ሊያቃጥል ይችላል።

ዛሬ ላስጨብጣችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ሙቀት የሚሰጥ ወይም የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ሲበላሽ፣ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት የተበላሸው የቱ ክፍል እንደሆነ እንለይ፤ «በቃ» የሚለውን ክፍል ደግሞ ማንም እንዲያልፈው አንፍቀድ።

መንገዱ፣ ዳኛው፣ ሠራተኛው

ሒሳብ አልገጥም ሲል መዝገቡን በሙሉ ቀደን አንጥልም። እስከ የትኛው ገጽ ድረስ ልክ እንደነበር እናያለን፤ ልዩነቱ የጀመረበትን ገጽ ስናገኝ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሏል። ለኤሌክትሪክ ዕቃም መንገዱ ይኸው ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በሦስት ክፍል ብታስቡት ይቀላችኋል።

የመጀመሪያው መንገዱ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት ማለት ነው፤ የግድግዳው ሶኬት፣ ስፒናው፣ ገመዱ። ሁለተኛው ዳኛው ነው። «በቃ፣ ሞቋል» ወይም «ቀዝቅዟል፣ እንደገና ጀምር» የሚለው ቴርሞስታቱ ነው። ሦስተኛው ሠራተኛው ነው። በካውያና በምጣድ ላይ የሚግለው ጥቅልል ሽቦ፣ እኛ ሬዚስታንስ የምንለው፤ በፍሪጅ ላይ ደግሞ ከኋላ በኩል የሚያጉረመርመው ሞተር ነው።

ቅደም ተከተሉን አትርሱ፤ መንገድ፣ ዳኛ፣ ሠራተኛ። ከርካሹና ከቀላሉ ጀምረን ወደ ውዱ እንሄዳለን። ብዙ ጊዜ የምናደርገው ግን የተገላቢጦሹን ነው፤ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ሲሉን እናምናለን፤ በኋላ ግን የላላ ስፒና ሆኖ ይገኛል።

ካውያ

ዳኛው እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ከካውያ የተሻለ አስተማሪ የለም። በካውያው ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁባት ቀጭን ምላስ አለች። ሲሞቁ አንደኛው ብረት ከሌላው የበለጠ ይረዝማል። ነገር ግን ተጣብቀዋልና ለብቻው ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ምላሷ ትጎብጣለች። እርጥብ ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ አንድ ጎኑ ቀድሞ ሲደርቅ እንደሚጠማዘዘው ማለት ነው። ምላሷ ስትጎብጥ የኤሌክትሪኩ መገናኛ ይለያያል፤ ካውያው ማሞቁን ያቆማል። ሲቀዘቅዝ ምላሷ ቀጥ ትላለች፤ መገናኛው ይገጥማል፤ እንደገና ይሞቃል። የምናዞረው ቁልፍ ሥራው ምላሷ ስንት ያህል ስትጎብጥ እንድትለያይ መወሰን ብቻ ነው። ይህን የሁለት ብረት ብልሃት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሰዓት ሥራ ያዋለው ጆን ሃሪሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ ዛሬ በየቤታችን አለ።

በካውያ ላይና በልብስ ምልክት ላይ ያሉት ነጥቦችም ትርጉም አላቸው። አንድ ነጥብ እስከ 110 ዲግሪ፣ ሁለት ነጥብ እስከ 150፣ ሦስት ነጥብ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ዳኛው ከታለፈ ግን ነጥቡ ጌጥ ብቻ ነው። ቁልፉን አንድ ላይ ብታደርጉትም ካውያው ከ200 አልፎ ይሄዳል።

እንግዲህ ምርመራው ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ መንገዱን እንይ። በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ፣ ለምሳሌ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ከሠራ ሶኬቱ ደህና ነው። ቀጥሎ ስፒናውን ተመልከቱ፤ ጠቁሯል ወይስ ቀልጧል? ከዚያ ገመዱን፣ በተለይ ወደ ካውያው የሚገባበትን አንገቱን እዩ። ስንተኩስ ቀኑን ሙሉ የሚታጠፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ሽቦው ከውስጥ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

መንገዱ ደህና ከሆነ ወደ ዳኛው እንሂድ። ካውያው ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ስፒናው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ቁልፉን ከማጥፊያው ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። «ቀጭ» የምትል ድምፅ መስማት አለባችሁ፤ መገናኛው ሲገጥም የሚሰማ ነው። ድምፁ ጨርሶ ከሌለ ምላሷ ተጣብቃለች ወይም ተሰብራለች ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ።

ሦስተኛ መብራቷን ተመልከቱ። ጤነኛ ካውያ ሲሰካ መብራቷ ትበራለች፤ ሲሞቅ ትጠፋለች፤ ጥቂት ቆይታ እንደገና ትበራለች። ይህ ዳኛው እየሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው። በብዙ ካውያዎች ላይ መብራቷ በርታ ካውያው የማይሞቅ ከሆነ ዳኛው ፈቅዷል፤ ሠራተኛው ግን ሞቷል ማለት ነው። መብራቷ በርታ የማትጠፋ፣ ካውያውም እየጋለ የሚሄድ ከሆነ ግን ዳኛው ተጣብቋል ወይም ታልፏል። ያን ጊዜ ወዲያው ንቀሉት፤ «ዛሬን ብቻ ልጨርስበት» አይባልም።

ከጥገና ለተመለሰ ካውያ ደግሞ ሳንፈታው የምናውቅበት መንገድ አለ። የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ ቴስተር የምንላትን፣ በኦም ላይ አድርጎ የስፒናውን ሁለት ጥርሶች መንካት ነው፤ ካውያው ቀዝቅዞና ተነቅሎ ማለቴ ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 1000 ዋት ካውያ፣ ቁልፉ ሲከፈት 48 ኦም አካባቢ ያሳያል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 220 በ220 ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል ነው። ቁልፉን ወደ ማጥፊያው ስትመልሱት መለኪያዋ ምንም ግንኙነት እንደሌለ ማሳየት አለባት። ቁልፉ ማጥፊያው ላይ ሆኖም 48 ካሳየች ካውያው ዳይሬክት ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

በብዙ ካውያዎች ውስጥ ደግሞ ከዳኛው ሌላ አንዲት ትንሽ ፊውዝ አለች። ሥራዋ ዳኛው ቢሳሳት ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ተቃጥላ መስመሩን መቁረጥ ነው። እሷ ተቃጥላ ከተገኘች «ለምን ተቃጠለች?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ መልሱ ዳኛው ታሟል የሚል ነው። እሷን በተራ ሽቦ መተካት የመጨረሻውን ጠባቂ ማባረር ነው።

ፍሪጅ

በፍሪጅ ውስጥ ያለው ዳኛ አሠራሩ ሌላ ነው። ከመቆጣጠሪያ ቁልፉ ተነስታ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል የምትሄድ ቀጭን የብረት ቱቦ አለች፤ ውስጧ ሲሞቅ የሚሰፋ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተር ጋዝ ወይም ፈሳሽ አለ። ሲሰፋ መገናኛውን ገፍቶ ሞተሩን ያስነሳል፤ ሲኮማተር ያቆመዋል። አሁን የሚወጡ አንዳንድ ፍሪጆች ይህን በኤሌክትሮኒክስ ይሠሩታል፤ በእኛ ቤት ያለው አብዛኛው ግን ባለ ቁልፉ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስተካክል። በፍሪጅ ቁልፍ ላይ ትልቁ ቁጥር የበለጠ ቀዝቃዛ ማለት ነው። ልክ እንደ ካውያ መስሏቸው «ቅዝቃዜው በዛ» ብለው ቁጥሩን ወደ ላይ የሚያዞሩ አሉ፤ ፍሪጁም ሌሊቱን ሁሉ ሲያጉረመርም ያድራል።

«ፍሪጁ አያርፍም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ሳያርፍ ያቀዘቅዛል ወይስ ሳያርፍ አያቀዘቅዝም? ሳያርፍ ሠርቶ ወተቱንና ቲማቲሙን በረዶ ካደረገው ሠራተኛው ጤነኛ ነው፤ «በቃ» የሚለው ዳኛ ነው የታመመው። ሳያርፍ ሠርቶ ካላቀዘቀዘ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ጋዙ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ በሩ አይገጥም ይሆናል፤ ከኋላው ያለው ጥቁር ፍርግርግ በአቧራ ተሸፍኖ ሙቀቱን ማውጣት አቅቶት ይሆናል። ሁለቱን ሳይለዩ ቴርሞስታት መቀየርም ጋዝ ማስሞላትም ገንዘብ መበተን ነው።

በሩን ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት። ያለ ምንም ጥረት ተንሸራቶ ከወጣ ዙሪያውን የሚያሽገው ጎማ ላልቷል፤ ቅዝቃዜው በዚያ ይወጣል። የኋላውን አቧራ ደግሞ ፍሪጁን ነቅላችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ አድርጉት። ሁለቱም ያለ አንድ ብር የሚሠሩ ናቸው። በረዶው ሲወፍር ግን ነቅሎ በራሱ እስኪቀልጥ መጠበቅ እንጂ በቢላ መፈቅፈቅ የለም፤ ቢላው የጋዙን ቱቦ ከበሳ ፍሪጁ አለቀለት።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ቸኩላችሁ አትሰኩት። 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ሞተሩ የጨመቀው ጋዝ ሳይረጋጋ ቢነሳ ይታነቃል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው።

ዳኛው ሳይታመም «ታሟል» የሚባልበትም ጊዜ አለ። የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያው አልጠፋ አለ ስትሉ መጀመሪያ ክዳኑን እዩ። በዚያ ዕቃ ውስጥ ያለችው ክብ የሁለት ብረት ዳኛ የምትሠራው በእንፋሎት ነው፤ ክዳኑ ካልተዘጋ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይበተናል እንጂ እሷ ዘንድ አይደርስም። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትርና ከዚያም በላይ ላይ ስለምንኖር ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቢሆንም ማፍያው በእንፋሎት ስለሚዳኝ እዚህም በትክክል ይጠፋል። ክዳኑን መዝጋት ብቻ ነው።

ምጣድ

የብቸና እንጀራ ጋጋሪዎች እስካሁን «ስለ እኛስ?» ሳትሉ አትቀሩም። የብቸናን ነጭ ጤፍ ይዞ መጥፎ ምጣድ ላይ መጋገር ግፍ ነው፤ እናንተን አልረሳሁም።

ተራው የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ዳኛ የለውም። መንገድ አለው፤ ሠራተኛ አለው፤ «በቃ» የሚል ክፍል ግን የለውም። ዳኛዋ እናንተ ናችሁ። ጎመን ዘሩን ስታሹት በጭሱ፣ የመጀመሪያዋን ሊጥ ስታፈሱ በዓይኗ አወጣጥ ሙቀቱን የምትለኩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ምጣድ ላይ ተክሎ መሄድ፣ «መጣሁ» ብሎ ጎረቤት ዘንድ ቡና መጠጣት፣ ዳኛ የሌለው ችሎት ትቶ እንደመሄድ ነው። ይህ የዳኝነት ሥራ ገንዘብም ያድናል። ሸክላው ሙቀት ይይዛልና የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ማጥፊያውን ዘግታችሁ መጋገር ትችላላችሁ። ባለ 3500 ዋት ምጣድ አንድ ሰዓት ሲሠራ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ የመብራት ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ዋጋም ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው። በየቀኑ ትንሽ ከመጋገር በአንድ ቀን አብዝቶ መጋገር የሚያዋጣውም ሸክላውን ደጋግሞ ከባዶ ማሞቅ ስለሚቀር ነው።

የምጣድ ብልሽት በአብዛኛው መንገዱ ላይና ሠራተኛው ላይ ነው። 3500 ዋት በ220 ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። ይህ ለተራ ስፒና የመጨረሻው ልክ ነው፤ ለቀጭን ዲቫይደር ደግሞ ከአቅሙ በላይ ነው። ስፒናው የሚቀልጠው፣ ግድግዳው የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም፤ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ይህን ሥራ የሚሠራው ባለሙያ ነው።

ምጣዱ ጨርሶ ካልጋለና መንገዱ ደህና ከሆነ፣ ጥቅልሉ ተበጥሷል ማለት ነው። ጥቅልሉ ከአንድ በላይ ከሆነ አንዱ ሲበጠስ በአንድ በኩል ብቻ ይቀዘቅዛል፤ እንጀራውም በዚያ ጎን ነጭ ሆኖ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ያን ጊዜ «ሊጡ ነው፤ እርሾው ነው» እያልን ሊጥ እንከሳለን። ሊጡ ቢሆን ኖሮ እንጀራው በሁሉም ጎን በተበላሸ ነበር። ምጣዱን ሩብ ዙር አዙራችሁ ጋግሩ፤ ነጩ ቦታ አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የምጣዱ ነው።

የተበጠሰ ጥቅልል ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ጠጋኝ ጫፎቹን አጠማዞ ይቀጥልና ይሄዳል። ያ መጋጠሚያ ከሌላው ይልቅ ይግላል፤ ቶሎም ይበጠሳል። በየጊዜው እየተቆረጠ ሲቀጠል ደግሞ ሽቦው ያጥራል፤ ሽቦው ሲያጥር የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ስፒናውና ገመዱ ላይ ሸክም ይበዛል። አንድ ሁለት ጊዜ ከተቀጠለ በኋላ ሙሉውን መቀየር ይረክሳል። ይህንንም በቴስተር ማየት ይቻላል፤ ባለ 3500 ዋት ምጣድ 14 ኦም አካባቢ ሊያሳይ ይገባል። ከዚያ በጣም ካነሰ ሽቦው አጥሯል።

«ሊጥ ሳፈስ ይነዝረኛል» የምትል እህት ካለች ግን ሌላ ጥያቄ ሁሉ ይቁም። አትጋግሪበት። ሸክላው ተሰንጥቆ ሊጡ ወደ ሽቦው እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የብረት አካሉ የመሬት መስመር የለውም። የመሬት መስመር ማለት ሦስተኛው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ባለው ገመድ የተሠራ ባለ ብረት ምጣድ አንድ ቀን ሰው ይወስዳል። ባዶ እግርና እርጥብ እጅ ደግሞ የእኛ የጋጋሪዎች ዕለታዊ ሁኔታ ነው።

ከውጭ ላሉ እህቶቻችንና ደጋፊዎቻችን

እናንተም ዘንድ ይህ ዳኛ አለ። በአውሮፓ በብርድ ወራት ቤቱን የሚያሞቀው በግድግዳው ላይ ያለ፣ ሙቅ ውሃ የሚያልፍበት ብረት ነው፤ ራዲያተር ይባላል። ከጎኑ ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተጻፈበት ቁልፍ አለ። የዴንማርኩ ዳንፎስ ኩባንያ መሥራች ማድስ ክላውሰን ይህን ቁልፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 እንደፈለሰፈው ይነገራል። በውስጡ ሲሞቅ የሚሰፋ ሰም ወይም ፈሳሽ አለ፤ ሲሰፋ ትንሽ ዘንግ ገፍቶ ውሃውን ይዘጋል። 3 ቁጥር ክፍሉን 20 ዲግሪ አካባቢ ያደርጋል።

በበጋ ሁሉ ተዘግቶ የከረመ ቁልፍ ብርድ ሲገባ አልከፈት ሊል ይችላል፤ ቁልፉ 5 ላይ ሆኖ ብረቱ ይቀዘቅዛል። እዚህም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ሌሎቹ ክፍሎች ሞቀዋል? ከሞቁ መንገዱ ደህና ነው። መጋረጃ ቁልፉን ሸፍኖታል? ከሸፈነው ዳኛው ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለውን ሙቀት እየለካ ክፍሉ ሞቋል ብሎ ይፈርዳል፤ መጋረጃውን ግለጡለት። ይህ ሁሉ ካልሆነ ቁልፉን 5 ላይ አድርጋችሁ ራሱን ብቻ ስትፈቱት ትንሽ ዘንግ ትታያለች። ጠፍጣፋ ነገር ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ግፏት፤ ተመልሳ መውጣት አለባት። ተጣብቃ ከነበረ ደጋግሞ በመግፋት ልትላቀቅ ትችላለች። በፒንሳ መሳብ ግን የለም፤ ውሃው ይፈስሳል። የኪራይ ቤት ከሆነ አከራዩን ወይም የሕንፃውን ጠጋኝ ማስጠራት መብታችሁ ነው።

ለደጋፊዎቻችን ሌላም አደራ አለኝ። የምትልኩልን ዕቃ ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን በአሜሪካና በካናዳ የቤት መስመር 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ለ120 የተሠራ ካውያ እዚህ ሲሰካ ጉልበቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ወዲያው ይቃጠላል። ከመላካችሁ በፊት ከዕቃው ግርጌ የተጻፈውን ቁጥር እዩልን። ከአዲስ ዕቃ ይልቅ ደግሞ ጥቂት የጥገና በጀት ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይጠቅመናል። አንዲት ቴርሞስታት በጊዜዋ ብትቀየር አንድ ቀሚስና አንድ ካውያ ትተርፍ እንደነበር ከአራቱ ደረሰኞች አይታችኋል።

ዳኛውን አለማለፍ

የማኅበራችን ቼክ ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም። ገንዘብ ያዧ ታማኝ ስላልሆነች አይደለም፤ ማንም ሰው ብቻውን ሲወስን ሊሳሳት ስለሚችል ነው። ሁለተኛዋ ፈራሚ ለቀናት ብትታመም «ለጊዜው በአንድ ፊርማ እናውጣ» ብንል ሥራው በዚያች ሳምንት ይቀላጠፋል። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ ነው። ቴርሞስታትን ዳይሬክት ማድረግም ልክ እንደዚሁ ነው። ሥራው ይቀላጠፋል፤ ጥበቃው ግን ጠፍቷል። ልዩነቱ፣ የኤሌክትሪኩ ኦዲተር እሳት መሆኑ ነው።

ጠጋኞቻችንን ለመውቀስ አልተነሳሁም። መለዋወጫ ባልተገኘበት ቀን «ዛሬውኑ አስነሳልኝ» ብለን የምናስጨንቃቸው እኛው ነን። ስለዚህ ከእኛ በኩል አራት ነገር እንዲወሰን ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የማኅበር ዕቃ የራሱ ካርድ ይኑረው። መቼ ተገዛ፣ መቼ ተበላሸ፣ ምን ተቀየረ የሚለው ይጻፍበት። ያው ዕቃ ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ ችግር ከመጣ ሦስተኛ ክፍያ ሳይፈጸም ምክንያቱ ይጣራ።

ሁለተኛ፣ ለብቸናና ለሞጣ አንዳንድ ቴስተር ይገዛ፤ በየቡድኑ ሁለት ሁለት ሴቶች አጠቃቀሙን ይማሩ። መማሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሚለካውም የተነቀለና የቀዘቀዘ ዕቃ ብቻ ይሁን፤ የተሰካ ዕቃ፣ የቆጣሪ ሳጥንና የግድግዳ መስመር የባለሙያ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥገና ስንሰጥ «ዳይሬክት እንዳታደርገው፤ መለዋወጫው ከሌለ ንገረን፣ እንጠብቃለን» ብለን በአፋችን እንናገር፤ ደረሰኙ ላይም የተቀየረው ክፍል ስሙ ይጻፍ። «ጥገና» ብቻ የሚል ደረሰኝ ከእንግዲህ አልቀበልም።

አራተኛ፣ የተቀየረው አሮጌ ክፍል ይመለስልን። «አሮጌውን ስጠኝ» ማለት ስድብ አይደለም፤ ሥጋ ቤት ሚዛኑን እንደማየት ነው። በእርግጥ የቀየረ ሰው ደስ ብሎት ይሰጣል።

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ኤሌክትሪክ የወንድ ነገር ነው እየተባልን ያደግን ብዙዎች ነን። ካውያውን የምንይዘው፣ ምጣዱ ላይ የምንቆመው፣ ፍሪጁን የምንከፍተው ግን እኛ ነን፤ ቀድሞ የሚነዝረውም እኛኑ ነው። የሚነካንን ነገር ማወቅ የእኛ ድርሻ ነው። ዛሬ ማታ እቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ካውያችሁን ሳትሰኩ ቁልፉን አዙሩትና ጆሯችሁን አቅርቡ። «ቀጭ» ካለ ዳኛው በቦታው ነው። ካላለ ነገ ጠዋት ከመተኮሳችሁ በፊት ለቡድናችሁ ንገሩ።